«ዘንድ» እና «ትእዛዝ»፦ በአንድ እርማት ላይ የቀረበ ሂስ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ ክፍላችን ከሚመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ከነዚህ አንዱ በድርሰቱ «አባቴ እንዲሂድ እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ። ይህ ጸሐፊም በቀይ ሰርዞ «እንዲሄድ» አለና ነጥብ ቀነሰ። እርማቱ ትክክል ነው፤ ተማሪው «ለምን?» ሲል ግን መልስ ጠፋ።

የምናስተምርበት መጽሐፍ «ይሂድ»ን የሦስተኛ መደብ ትእዛዝ ብሎ ያልፈዋል። ለመሆኑ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚል ሰው ማንን ነው የሚያዘው? ምርቃቱም፣ እርግማኑም፣ ፈቃዱም የሚነገረው በዚሁ ቅርጽ ነው።

ነገሩ በሌላ ቋንቋ በኩል ሲታይ ይጠራል። የስፓኝኛ መደበኛ ግሦች የምኞቱን አንቀጽ በአሁን ጊዜ የሚሠሩት መድረሻ አናባቢያቸውን ለውጠው ነው፤ በ«አር» የሚጨርሰው «ኤ»ን፣ በ«ኤር»ና በ«ኢር» የሚጨርሰው «ኣ»ን ይይዛል። «አብላ» (ይናገራል) «አብሌ» (ይናገር)፣ «ቪቬ» (ይኖራል) «ቪቫ» (ይኑር) ይሆናል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ኩባ ሄደው የተማሩት ልጆቻችን ይህን በቃላቸው ያውቁታል፤ ሌሎቻችንም «ቪቫ»ን በመፈክር ሰምተን ሰዋስው መሆኑን ሳናስተውል ቀርተናል። «እንዲናገር እፈልጋለሁ» ሲባልም ያው «አብሌ» ይመጣል።

ኦሮምኛም ከዚህ አይርቅም። «ኒ ዴማ» ይሄዳል፤ «ሃ ዴሙ» ይሂድ፤ «አካ ዴሙ» እንዲሄድ። ለምኞቱም ለጥገኛው ሐረግም «ዴሙ» አንድ ነው። የግእዝ መምህርም ግሥ ሲያስገሥስ «ሖረ ሄደ፤ የሐውር ይሄዳል፤ ይሑር ይሄድ ዘንድ፤ ይሑር ይሂድ» ይላል። ግእዙ ሁለቱን በአንድ «ይሑር» ሲይዝ አማርኛው ለያያቸው፤ «ዘንድ»ንና «እንድ-»ን ለ«ይሄዳል» ወገን ሰጠ፤ «ይሂድ» ብቻውን ቀረ። እንግዲህ «እንዲሂድ» ያለው ተማሪ፣ ሳያውቀው፣ ከኛ ይልቅ ወደ ግእዙ ሥርዓት ቀርቦ ኖሯል።

ደግሞም ልዩነቱ በግሡ ሁሉ ላይ አይታይም። «እንዲሰብር» እና «ይስበር» ይለያያሉ፤ «እንዲፈልግ» እና «ይፈልግ» ግን ግንዳቸው በጽሕፈትም በድምፅም አንድ ነው። ተማሪው በዚህኛው ላይ ሳይሳሳት ሲያልፍ ሕጉን ያወቀ ይመስለናል፤ በ«ሄደ» ላይ ሲደርስ ደግሞ በግዴለሽነት እንከሰዋለን። ይህ ጸሐፊም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የተቀነሰው ነጥብ አልተመለሰም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን «ሃ ዴሙ»፣ «አካ ዴሙ» እና «ይሑር» በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል።