ተመልካችና ኀላፊነቱ

በልማድ ተመልካች የሚባለው ተቀምጦ የሚያይና የሚሰማ፥ በመጨረሻም የሚያጨበጭብ ሰው ነው። ነገር ግን ተመልካቹ እጁን ካላገባበት ፍጻሜ የማያገኝ የኪነ ጥበብ ዓይነት አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ በምን እንመዝነው? ተመልካቹን ከመቀመጫው ስላስነሣው ብቻ እናመስግነውን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነን ዘንድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በናፖሊ ከተማ የተደረገውን እንመልከት። በዩጎዝላቪያ የተወለደችው ማሪና አብራሞቪች «ሪትም ዜሮ» ለተባለው ሥራዋ 72 ዕቃዎች በጠረጴዛ ላይ ደርድራ 6 ሰዓት ያህል ዝም ብላ ቆመች። ከዕቃዎቹም መካከል ጽጌረዳ፥ ማር፥ መቀስ፥ ሽጉጥና አንዲት ጥይት ነበሩ። ተመልካቾች በእነዚህ የወደዱትን እንዲያደርጉባት ፈቀደች፤ ለሚሆነውም ሁሉ ኀላፊዋ ራሷ መሆኗን በጽሑፍ አስታወቀች። ተመልካቾቹ በመጀመሪያ በጨዋነት ቀረቧት፤ ኋላ ግን ልብሷን ቀደዱ፥ ገላዋን በስለት ቈረጡ፥ ሽጉጡንም አጉርሶ ያነጣጠረባት ሰው ተገኘ። ሌሎች ደግሞ ሊከላከሉላት ተነሡ። ሰዓቱ አልቆ ወደ እነርሱ መራመድ በጀመረች ጊዜ ሸሹ።

ይህ ሥራ የሰውን ጠባይ ገልጦ በማሳየቱ ታላቅ ነው። ተመልካቹን የሥራው ባለቤት አደረገው ለማለት ግን ያስቸግረናል። ኀላፊነቱን ከያኒዋ ብቻዋን ስለ ተሸከመች፥ ለተመልካቹ የተረፈው ሥልጣን ብቻ ነበር። የሸሸውም ዕቃ መስላ የታየችው ሴት እንደገና ሰው ሆና ፊቱን ስላየችው ይመስለናል።

ይህን ከአገራችን የአዝማሪ ጨዋታ ጋራ ብናስተያየው ልዩነቱ ይታያል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በመሰንቆ ያዜመዋል። ስንኙ ሙገሳም ይሁን ነቀፋ፥ ሰጪው በጉባኤው መካከል ይታያል፤ በሰም ቢሸፍነውም ወርቁን የሚፈልጉ ጆሮዎች ከበውታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን አስቀድሞ ይመዝናል። በዚህም መድረክ ሰውን የሚያቈስል ቃል አይጠፋም፤ ነገር ግን ቃሉ ባለቤት አለው።

እንግዲህ መመዘኛችን ይህ ነው፤ ተመልካች የሥራው ተካፋይ ሆነ የምንለው ስለ ሠራው ነገር የሚጠየቅበት ሥፍራ ሲኖረው ነው። ሕዝብ የሚካፈልበት መድረክ የሚያዘጋጁ ሁሉ ለታዳሚው ፈቃድ ሲሰጡ ኀላፊነቱንም አብረው ቢያስረክቡት፥ ጥበቡም ታዳሚውም ይከበራሉ።