«አከፋፋዩን አውጣ»፤ ስለ አንድ የሞተር ቅየራ መመሪያ ትርጉም

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አነስተኛ የሥልጠና መመሪያ ነው። መመሪያው ቀድሞ በቤንዚን ይሠሩ በነበሩ፣ በአራቱም እግራቸው በሚጎትቱ አሮጌ መኪናዎች ላይ የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚገጠም ያስረዳል። የተርጓሚውንም ሆነ ያሠራጨውን አካል ስም አንጠቅስም፤ ጉድለቱ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በቴክኒካዊ ቃላት ሥራ ላይ የተሰማራን ሁሉ የምንጋራው ነውና። መመሪያውን በጠረጴዛ ላይ ብቻ አንብበነው ቢሆን ኖሮ ሰዋስዉ የቀና፣ አጻጻፉ የጠራ፣ ለባዕድ ቃል በሩን የዘጋ ነው ብለን ባመሰገንነው ነበር። ነገር ግን ወደ ወላይታ ሶዶ ይዘነው ሄድን፤ በአንድ ጋራዥ ውስጥም፣ ሞተሩ ወጥቶ ኮፋኖው በተከፈተ ላንድክሩዘር አጠገብ ቆመን ከመካኒኮቹ ጋር ቃል በቃል አነበብነው።

መኪናው የመጣው ከሃላሌ ነው። ሃላሌ በወላይታ ዞን የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ የወረዳው ምድር በምዕራብ በኩል ወደ ኦሞ ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ስፍራ መኪና የሚመዘነው በመውጣቱ ብቻ ሳይሆን በመውረዱም ነው፤ ኋላ እንመለስበታለንና አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እንለምናለን። ባለ ንብረቱ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን የቤንዚን ሞተር አውጥቶ በናፍጣ ሊተካ የፈለገው ለወጪ ሲል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን በሚያስመጣ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ልቡ እየተለወጠለት ገና ብዙ ይሠራል ማለት ነው፤ የሥራው ቃላትም አብረውት ይቆያሉ።

ከመመሪያው ቀዳሚ ትእዛዞች አንዱ «አከፋፋዩን አውጣ» ይላል። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ የሚናገረው በቤንዚን ሞተር ውስጥ ለካንዴላዎቹ ተራ በተራ ኤሌክትሪክ ስለሚያድለው ዕቃ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያነደው አየርን አጥብቆ በመጭመቅ በሚፈጠር ግለት እንጂ በብልጭታ አይደለም፤ ስለዚህ ያ ዕቃ መውጣቱ ትክክል ነው። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ግን ያው «አከፋፋይ» ሌላ ነገር ሆኖ ይመጣል፤ ይኸውም ከካምቢዮው በስተኋላ ተቀምጦ ኃይልን ለፊትና ለኋላ እግሮች የሚያካፍለው፣ በክፉ ዳገትና ቁልቁለትም ዝቅተኛውን ማርሽ የሚሰጠው ሳጥን ነው። ይህኛው ከወጣ መኪናው ከጋራዡ በር አያልፍም። እንግሊዝኛው ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ስሞች እያሉት፣ ተርጓሚው ሁለቱም ያከፋፍላሉና ብሎ በአንድ ቃል ጠቀለላቸው፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ መውጣት፣ ሌላው የግድ መቅረት ያለበት መሆኑን አላሰበም።

አንጋፋው መካኒክ ይህን ስናነብለት ሳቀ። «እኔ ያንን ዲስትሪቢዩተር እለዋለሁ፣ ይኼን ትንሹ ካምቢዮ እለዋለሁ፤ እናንተ የትኛውን አውጣ ነው የምትሉኝ?» አለን። ለእርሱ አደጋ የለውም፤ ዕቃውን በእጁ ያውቀዋልና ቃሉ ቢስት ዕቃው ያርመዋል። መመሪያው የተጻፈው ግን ለእርሱ አይደለም፤ ዕቃውን በቃሉ አማካይነት ሊያውቅ ለመጣው ሠልጣኝ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መመርመር ይገባል። አማርኛ ከማናቸውም ግስ የአድራጊ ስም ለማውጣት እጅግ የተመቸ ቋንቋ ነው፤ ካስተላለፈ አስተላላፊ፣ ካከፋፈለ አከፋፋይ፣ ካመነጨ አመንጪ ይወጣል። ይህ ምቾት ወጥመድ ሆኗል። መኪና ማለት ራሱ እርስ በርስ የሚያስተላልፉ ነገሮች ክምችት ስለሆነ፣ በመመሪያው ውስጥ ካምቢዮውም፣ ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም፣ ፍሪሲዮኑም በየተራ «አስተላላፊ» ሲባሉ አግኝተናል። በዚሁ መንገድ ተወልደው ጋራዡ በደስታ የተቀበላቸው ቃላት መኖራቸውን ግን መዘንጋት አይገባም። «ተሳቢ» የጣልያንኛውን ሪሞርኪዮ አስረስቷል፤ «መሪ» እና «ነዳጅ» ማንም ሾፌር ሳያስብ የሚናገራቸው ናቸው። ልዩነቱ የት ላይ ነው ቢባል፣ በመኪና ላይ የሚሳበው አንድ ነው፤ የሚመራው አንድ ነው፤ የሚነደውም አንድ ነው። የአድራጊም ሆነ የተደራጊ ስም ለዕቃ መጠሪያ የሚሆነው ያንን ድርጊት የሚፈጽመው ወይም የሚቀበለው ዕቃ ብቸኛ ሲሆን ነው።

ተርጓሚው የሸሸው የጋራዥ ቋንቋ በአብዛኛው የጣልያንኛ ውርስ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ዳዶ፣ ብሎን። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የወረራ ዘመን ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ ለጆሮ የማይጥማቸው ሊቃውንት ነበሩ፤ ስሜታቸውን እንረዳለን። ነገር ግን ቃሉ ከገባ በኋላ ያደረገውን ጉዞ መመልከት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ፊያት ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራው የነበረው 634 ኤን የተባለ የጭነት መኪና «ኤን» የሚለውን ፊደል ያገኘው ናፍጣ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። ኋላም 682 ኤን 3 በአገራችን መንገዶች ላይ በነገሠ ጊዜ ሕዝቡ «ኤንትሬ» አለው፤ ስለዚህ ኤንትሬ የሚል ሰው ሳያውቀው ናፍጣ ማለቱ ነው። ናፍጣም በበኩሉ ተዋልዷል፤ የነዳጅ ዋጋ ሲታወጅ ነጭ ናፍጣ፣ ቀላል ጥቁር ናፍጣ፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣ እየተባለ በአማርኛ ቅጽል ተከፋፍሎ ይነበባል። ይህን ያህል ሥር የሰደደውን ቃል መመሪያው ትቶ፣ የእንግሊዝኛውን የንግድ ስም ተከትሎ «የጋዝ ዘይት» ብሎታል። በብዙ ቤት ጋዝ ማለት ላምባ መሆኑን ተርጓሚው ያውቃል ብለን እናምናለን። አላስታወሰውም።

ጉዳዩ በሶዶ ሌላ ክብደት አለው። በዚያ ጋራዥ ከሚሠሩት ወጣቶች አብዛኞቹ አፋቸውን የፈቱት በወላይትኛ ነው። «አስተላላፊ» የሚለው ቃል አማርኛ አፍ ለፈታበት ሰው ትርጉሙን በራሱ ይገልጽ ይሆናል፤ ለእነርሱ ግን ካምቢዮም አስተላላፊም እኩል የተማሯቸው ቃላት ናቸው፤ ልዩነቱ ካምቢዮ አንድ ዕቃን ብቻ ማመልከቱ ነው። ሶዶ ደግሞ በቢሮ የተቀመመ ቃል ሲታደል ምን እንደሚያስከትል የምታውቅ ከተማ ናት። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛ፣ ጋምኛ፣ ጎፍኛና ዳውርኛ ተቀላቅለው «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ በሆኑ ጊዜ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ቀሩ። የሞተር ዕቃ ስያሜ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቢሆንም በዚያች ከተማ ቆሞ ማንም የማይናገረውን ቃል ለሠልጣኝ ማንበብ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

እስካሁን ያልነው ጋራዡን ያደላ ይመስላል። አሁን ግን ጋራዡም የሚወቀስበትን፣ ቀደም ሲል ስለ ቁልቁለት ልብ ይባልልን ያልንበትንም ነገር እናነሣለን።

በቤንዚን ሞተር ላይ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የአየር መግቢያው በር ይዘጋል፤ ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አያቆሙምና በመግቢያው ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል። ይህ የሳሳ አየር በቀጭን ቱቦ አማካይነት ከፍሬኑ ሰርቮ ጋር ተገናኝቶ የሾፌሩን እግር ያግዛል። አብዛኛው የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ በር ስለሌለው አየሩ አይሳሳም፤ ስለሆነም አየር የሚስብ የተለየ ፖምፓ ይሠራለታል። በብዙ ሞተሮች፣ በተለይም በአሮጌ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ፣ ይህ ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ተጣብቆ ከእርሱ ጋር ይዞራል። ፖምፓው ከሌለ ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፤ ነገር ግን ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሰው ጭኖ ወደ ኦሞ በሚወርድ መንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር አያስፈልግም።

የመጣው የናፍጣ ሞተር የራሱ ዲናሞ የተቃጠለ ነበር። የቤንዚኑ ሞተር ዲናሞ ግን ደህና ስለነበረ ወጣቶቹ እርሱን አጥበው አዘጋጅተውታል፤ ሁለቱም ዲናሞ ናቸውና! ጋራዡ ፖምፓ ያለውንም የሌለውንም በአንድ ስም ይጠራል፤ በዚህ ረገድ ከ«አከፋፋይ» አይሻልም። መመሪያው በዚህ ቦታ ሊያድናቸው ይገባ ነበር። የተጻፈው ግን «ኦና ፓምፑ ከአመንጪው ጋር መሆኑን አረጋግጥ» የሚል ነው። ኦና በአማርኛ ሰው የለቀቀው ቤት ነው። አንዱ ሠልጣኝ ዐረፍተ ነገሩን እንዴት እንደተረዳው ብንጠይቀው፣ ፓምፑ በውስጡ ምንም እንዳይቀርበት ባዶ መሆኑን ማየት ነው አለን። ቃሉን በትክክል ተርጉሞታል፤ የተሳሳተው ቃሉ ነው።

ነገሩ የታወቀው በአንጋፋው መካኒክ ዓይን ነው። ከሰርቮው የወጣች፣ ጫፏ የተንጠለጠለ ቱቦ አይቶ «ይቺ የት ልትገባ ነው?» አለ። «ጋሼ፣ ትርፍ ናት» አሉት። «ትርፍማ አይደለችም፤ ትመጥጣለች እኮ፤ መጣጩ የታለ?» ብሎ የተቃጠለውን ዲናሞ ከጥግ አስመጣ፣ ጀርባውንም አሳያቸው። እኛም ደብተራችን ላይ «መጣጭ» ብለን ጻፍን። ቃሉ በጽሕፈት መሣሪያ ስሞች ውስጥ «መጣጭ ወረቀት» በሚለው የቆየ ነው፤ «መጣጭ ፖምፓ» ቢባል ከሚገፋው የነዳጅ ፖምፓ ያለ ምንም ድካም ይለያል።

በዚህ መሠረት የተርጓሚው ድካም በተገላቢጦሽ የዋለ ይመስለናል። ጋራዡ በእጅ ለሚያዝ ዕቃ በአብዛኛው ስም አለው፤ ዲናሞን የመሰለው ጉድለትም በአንድ ቅጽል የሚቃና ነው። የሌለው በእጅ ለማይያዘው ሁኔታ ነው፤ ለአየር መሳሳት፣ ለጭመቃ ልክ፣ ለማርሽ ምጣኔ። መመሪያው ግን ስም ላላቸው ዕቃዎች ስም ሲፈጥር ደክሞ፣ ሁኔታዎቹ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ «ኦና»፣ ሌላ ጊዜ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ገልብጦ አልፏል። ለዚህኛው ጽንሰ ሐሳብ «የሳሳ አየር» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን፤ በሰርቮው ውስጥ ያለው አየር ያነሰ እንጂ የጠፋ ባለመሆኑ ከኦና ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

«ጉልበት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሥራ ይፈልጋል። ሾፌር ናፍጣ ጉልበት አለው ሲል ሞተሩ በዝግታ እየዞረም ጭነት ይጎትታል ማለቱ ነው። መጻሕፍት ደግሞ «የፈረስ ጉልበት» ሲሉ በተወሰነ ጊዜ የሚሠራውን የሥራ መጠን ይለካሉ። ቱርቦ የሌለው የዱሮ ናፍጣ ሞተር በይዘት ከሚመስለው የቤንዚን ሞተር ያነሰ የፈረስ ጉልበት አለው። ስለዚህ መመሪያው ያለ ማብራሪያ «የአዲሱ ሞተር ጉልበት ያንሳል» ሲል ባለ ንብረቱ ተቆጣ፤ «ታዲያ ለምን አስቀየራችሁኝ?» አለ። ለመጎተቻው ኃይል «የጥምዘዛ ጉልበት» የሚለው አማራጭ ቢኖርም ርዝመቱ ያስፈራናል፤ ውይይት ይሻል።

ስለ ካንዴላ ብዙ አንልም። መመሪያው ለቤንዚኑም ለናፍጣውም «ብልጭታ ሰጪ» ማለቱ ስሕተት ነው፤ የናፍጣው ያሞቃል እንጂ አይበልጭም። «የአጽም ቁጥር» የተባለውን ግን አናልፈውም። ሞተር ሲቀየር የሞተሩ ቁጥር ይለወጣል፣ የሻንሲው ቁጥር ይቀራል፤ ሊብሬው ላይ የሚፈለጉትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሻንሲ የሚለውን «አጽም» ብሎ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ጸሐፊ እንዳይረዳው ተደርጎ ተምሯል።

መኪናው በሦስተኛው ቀን፣ የተቃጠለው ዲናሞ ተጠቅልሎና መጣጩ ተመልሶ በቦታው ከገባ በኋላ ተነሣ። በነዳጅ መክፈቻው አጠገብ ማንም ተሳስቶ ቤንዚን እንዳይቀዳበት በነጭ ቀለም ሊጻፍ ሆነ። የቀለሙን ብሩሽ የያዘው ወጣት መዝገበ ቃላት ሠሪዎች መሆናችንን ሰምቶ ነበርና ዞር ብሎ «በጣ ነው በታ?» ብሎ ጠየቀን። ጣልያንን ራሱን የምንጽፍበት ጣ ነው አልነው።