የመምህሩ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ

ቦንጋ ላይ አንድ አንጋፋ መምህር ሲያርፉ ከቀባሪው ብዙው ተማሪያቸው የነበረ ነው። ስለዚህ በቀብሩ ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ከባድ አድማጭ ይጠብቀዋል፤ ሰዉ መምህሩን አሳምሮ ያውቃል፣ ጽሑፍ ማረምንም የተማረው ከእሳቸው ነው። አዘጋጁ ግን ብዙ ጊዜ ከዘመድ መካከል «እሱ ይጽፋል» የተባለ አንድ ሰው ነው፤ የሚጽፈውም በአንድ ሌሊት፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ተቀምጦ ነው። ችኮላውን ይቅር እንለዋለን። ጥሩውን ከተራው መለየት ግን አይከብድም።

እኔ መጀመሪያ የማደርገው ስሙን በሐሳቤ መሰረዝ ነው። «በሥራቸው ታታሪ፣ ለሰው አዛኝ፣ ከትልቅ ከትንሹ ተግባቢ ነበሩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የመምህሩ ስም ወጥቶ የወፍጮ ቤት ባለቤት ስም ቢገባበት ምንም አይጎድለውም። እንግዲያው ስለ ማንም አልተጻፈም። ምን ያስተምሩ ነበር? ስንተኛ ክፍል? ጠመኔ ሲያልቅ ምን ያደርጉ ነበር? አርፍዶ የመጣን ልጅ በር ላይ ያቆሙታል ወይስ አስገብተው ጥያቄ ይጠይቁታል? ተማሪዎች ከጀርባቸው ያወጡላቸው ቅጽል ስምስ ማን ነበር? ቅጽል ስሙን ደፍሮ ያነበበ ጸሐፊ በለቅሶው መሃል ሳቅ ያስነሳል። ሽማግሌዎች ሊቆጡ ይችላሉ፤ እኔ ግን ያንን ሳቅ ከሰማሁ ጽሑፉን አምነዋለሁ።

ቀጥሎ ዘመኑን አያለሁ። «በ1940 ዓ.ም. በከፋ ዞን ቦንጋ ከተማ ተወለዱ» የሚል መግቢያ ስንፍናን ያሳብቃል፤ ያኔ ዞን የሚባል ነገር አልነበረም። ቦንጋ የነበረችው ርዕሰ ከተማው ጅማ በሆነው በከፋ ጠቅላይ ግዛት ነው። በደርግ ጊዜ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ከዚያ ደቡብ ክልል መጣ፤ በ2014 መስከረም ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ኅዳር ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አስተምረው፣ እዚያው ያረፉ ሰው ከቀያቸው ሳይነቃነቁ አድራሻቸው አራት ጊዜ ተጽፏል። ይህን ያስተዋለ ጸሐፊ ስለ አገሩ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። (በተቃራኒው «የቡና መገኛ በሆነችው ቦንጋ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ያጠራጥረኛል። ለቀስተኛው ቱሪስት አይደለም፤ ቡናው የት እንደተገኘ ያውቃል።)

በዚህ ትውልድ መምህራን ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም ዝላይ አለ። ጽሑፉ የመጀመሪያ ምደባቸውን ይነግረንና ድንገት የደርግ መጨረሻ ላይ ያርፋል። በመሃሉ ያለው ግን የየካቲት 1966 የመምህራን ሥራ ማቆም ነው፤ ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ መቃወም ነው፤ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ነው፤ ቀይ ሽብር ነው። ዝላዩ ሁልጊዜ ፍርሃት አይደለም። ቤተሰቡ በዚያ ቀን የድሮ ቁስል እንዲነካበት ላይፈልግ ይችላል፤ ያንን አከብራለሁ። ቢሆንም ብልህ ጸሐፊ አንድ ዓረፍተ ነገር ይተዋል፤ የት እንደነበሩና ወደ ክፍላቸው መቼ እንደተመለሱ ብቻ የሚናገር። የሚገባው ይገባዋል።

ደስ የሚለኝና ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ስለ ቋንቋው የሚያነሣ ጽሑፍ ነው። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፤ ከነዚህም አንዱ ከፍኛ ነበር፣ የሚጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበር። ከደርግ መውደቅ በኋላ ይኸው ቋንቋ፣ ባለቤቶቹ ካፊኖኖ የሚሉት፣ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ጽሕፈቱ ወደ ላቲን ዞረ። ስለዚህ በሁለቱም ዘመን ያስተማሩ መምህር አያትየዋን በ«ሀ ሁ»፣ የልጅ ልጇን በ«ኤ ቢ ሲ» የራሳቸውን ቋንቋ አስነብበዋል ማለት ነው። ራሳቸውም ለጡረታ በተቃረቡበት ዕድሜ የአፍ መፍቻቸውን እንደ አዲስ መጻፍ ተምረዋል። በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ይህን የሚያህል ነገር እያለ «የተለያዩ ሥልጠናዎችን ወስደዋል» ብሎ ማለፍ ብክነት ነው።

ቤተሰቡ ጋ ሲደርስ አብዛኛው ጽሑፍ ይደክማል። «ባለትዳርና የ6 ልጆች አባት ነበሩ።» አለቀ። እኔ እዚህ የምፈልገው ባለቤታቸውን ነው። በመምህር ደመወዝ ስድስት ልጅ ያደገው በማን ብልሃት ነው? ከዴቻ ወይም ከጨና ወረዳ ቆጮ ተሸክሞ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጣ ልጅ እቤታቸው ካደረ፣ ያበላችው ማን ናት? ዝውውር በመጣ ቁጥር ዕቃውን ያሰረችውስ? ጽሑፉ «ደግ ነበሩ» ካለ ደግነቱ ከማን ጓዳ እንደወጣ ይናገር። አባትነታቸውም እንዲሁ ነው። ለመምህር ልጅ ቤቱም ትምህርት ቤት ነው፤ በራሳቸው ክፍል ካስተማሩት ልጃቸው አንድ ነገር ጠይቆ ያልጻፈ ሰው ሥራውን አልጨረሰም። ምናልባት ያ ልጅ አባቱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይጨክኑበት እንደነበር ይናገራል። ይጻፍ። እንከን የሌለው አባት ማንም አያምንም።

ስለ ርዝመቱ ብዙ አልልም፤ የቦንጋ ሰማይ ዝናቡን ሳያስጠነቅቅ ይለቃል፣ አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል። አንባቢው ድምፁ የሚሰማ፣ ቢቻል የቀድሞ ተማሪ ይሁን፤ ልጃቸውን በዚያ ሰዓት ወረቀት ማስያዝ ጭካኔ ነው። ከገጠር የመጡ አረጋውያን ካሉም አንድ አንቀጽ በካፊኖኖ ይነበብላቸው። የአማርኛው ትርጉም ባይሆን ይመረጣል፤ እነሱ ስለሚያውቁት ሰው፣ ለእነሱ የተጻፈ ይሁን።

ፍርዴን ግን በዕለቱ አልሰጥም፤ አርባውን እጠብቃለሁ። ተራ ጽሑፍ ከሆነ ሁሉም «ጥሩ ነበር» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ደህና የተሠራ ከሆነ እርማት ይዘው የሚመጡ አይጠፉም፦ አንዱ «እኛን ያስተማሩት በ1972 ነው፣ 73 ብላችሁ ያነበባችሁት ስሕተት ነው» ይላል፤ ሌላዋ «ኧረ መጀመሪያ የተመደቡት እኛ ሠፈር ነው!» ትላለች።