ክዳኑ ሳይከፈት

ደልጊ ለሥራ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ቤት ጎራ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አሮጌ ማዘርቦርዶች ተጋድመዋል። "ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?" አለኝ። አዲስ የሚመስለውን ጠቆምኩ። ሳቀብኝ!

አሮጌው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው 440ቢኤክስ ቺፕሴት የተሠራ ነው። ጽኑ ነው፤ የድሮዎቹን የአይኤስኤ ካርዶች ጭምር ይቀበላል። እንከኑም አይካድም፤ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ አይሸከምም፣ ለዛሬ ሥራም የኤሊ ጉዞ ነው። ሁለተኛው የ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥሪት ነው። ይፈጥናል፤ ግን ካፓሲተሮቹ እንደ ተነከረ ሽምብራ አብጠዋል። በዚያን ዘመን የውስጥ ፈሳሻቸው የተበላሸ ካፓሲተሮች በዓለም ዙሪያ ስንቱን ማሽን ፈጅተዋል። ላዩ ዘመናይ፣ ውስጡን ለቄስ!

እኛስ? ለትምህርት ቤት በእርዳታ የመጣ ኮምፒዩተር ስንረከብ እንቆጥራለን እንጂ ከፍተን አናይም። "ሞተ" ብለን መጋዘን ስንወረውርም እንዲሁ። አንዳንዱ ግን ቀኑን የሚረሳው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃበት ነው። ሕፃናቱ ኮምፒዩተርን በሰሌዳ ሥዕል ሲማሩ፣ የሚድነው ማሽን አቧራ ይጠጣል። እስኪ አንድ ጊዜ እንኳ ክዳኑን ከፍተን እንፍረድ!