የሰው ስምና የሰው ታሪክ

ልብ ወለድ ለመጻፍ የምትደክሙ ወጣቶች ደብተራችሁን ስታሳዩኝ አንድ ጉድለት ደጋግሜ አያለሁ። ባለታሪኩ ገና ከደጃፍ ሳይገባ የት እንደ ተወለደ፣ ማን እንዳሳደገው፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደ ተማረ በሦስት ገጽ ተዘርዝሮ ይቀርባል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የመዝገብ ቤት ፋይል ይመስላል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ምንም ሳትነግሩን ሰውዬውን ታስለቅሱታላችሁ፤ ለምን እንደሚያለቅስ ካላወቅን እንዴት እናዝንለታለን?

መጠኑን ለመማር ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንመልከት። ደራሲው በዛብህን ከማሳየታቸው በፊት አባቱን ቦጋለ መብራቱንና እናቱን ውድነሽ በጣሙን ያስተዋውቁናል። ችኩል አንባቢ «ፍቅሩ መቼ ይጀመራል?» እያለ ገጹን ይገልጣል፤ እኔም ጥቂት ቢያጥር ባልጠላሁ ነበር። ነገር ግን ወላጆቹ ልጃቸውን ለእግዚአብሔር አገልግሎት መሳላቸውን አስቀድመን በማወቃችን፣ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ልቡ ከስለቱ ጋር መጣላቱን ማንም ሳይነግረን እንረዳለን። እንግዲህ ያለፈ ታሪክ ቦታ የሚገባው፣ ኋላ በባለታሪኩ ላይ ዕዳ ሆኖ የሚመጣ ሲሆን ነው።

የካሳ ዳምጤ አቀራረብ ግን ሌላ ነው። አገሩ «ጉዱ ካሳ» ይለዋል፤ ቅጽሉ ራሱ ፍርድ ነው። አንባቢም ከሰዉ ጋር አብሮ ሊስቅበት ይቃጣዋል። ሲናገር ባደመጠው ጊዜ ግን እንደ እብድ የሚቆጠረው ሰው ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ያገኘዋል፤ ስለ ሳቁም ያፍራል።

ይህን እፍረት አውቀዋለሁ። ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ስትባል በዚያች ከተማ ሳስተምር፣ አንድ ልጅ ማለዳ ማለዳ ያረፍድ ነበር። አንድ ቀን በክፍሉ ፊት አቁሜ «ሰነፉ» አልሁት፤ ጓደኞቹም ስሙን ተቀበሉኝ። እናቱ ታማ ተኝታ ኖሮ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ታናናሾቹን አብልቶ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ እንደሚመጣ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ስነሣ ትምህርቱን ትቶ ሄዶ ነበር። ስም ሰጠሁት እንጂ ታሪኩን አልጠየቅሁትም።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ስትጽፉ የባለታሪካችሁን ሥር እወቁ፤ ለአንባቢ ግን የሚጠማውን ያህል ብቻ ቅዱለት። በኑሯችሁም አርፍዶ የመጣ ሰው ስታዩ፣ ቅጽል ከማውጣታችሁ በፊት ከየት እንደ መጣ ጠይቁት።