የጠገገ ጎድን

ለፋሲካ ከታረደው በግ የደረሰኝን ጎድን ግጬ ስጨርስ መሃሉ ላይ አንዲት እብጠት ብቅ አለች። የባቄላ ፍሬ ታህላለች፤ ልሙጥ ናት። ሞጆ በግና ፍየል ሲራገፍባት፣ ቆዳ ሲለፋባት የምትውል ከተማ ናትና አጥንት ብርቃችን አይደለም፤ አልጥለው ብዬ ግን አጠገቤ ለተቀመጡት ጋሼ አቀበልኳቸው። ጋሼ ወጌሻ ናቸው። ጎድኑን በዓይናቸው አላዩትም። አውራ ጣታቸውን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አንሸራተቱበትና «ግልገል ሳለ ተሰብሮ የጠገገ ነው። በግን ማን ያሸዋል? ራሱ ነው የገጠመው» አሉኝ።

በጥንት ሰዎች አጽም ላይ በሽታ የሚፈልጉ ሊቃውንት ሙያ ከዚያ አውራ ጣት ብዙም አይርቅም። ማጉያ መነጽርና ኤክስሬይ ይጨመርበት እንጂ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው፦ ይህን ያደረገው ሕይወት ነው ወይስ አፈር? በሕይወት ሳለ የተሰበረ አጥንት ጠርዙ ይዶለዱማል፤ ዙሪያውን አዲስ አጥንት ያበቅላል። በሞት ሰዓት የተሰበረው ገና እርጥብ ስለሆነ እንደ እርጥብ እንጨት ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩም ሳይረግፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መሬት ውስጥ ደርቆ የተሰበረው ደግሞ እንደ ገል ነው፣ ስብራቱ ሻካራ።

እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የእኛው የሞጆ ወንዝ የሚገባበት አዋሽ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ ሀዳርን ያልፋል፤ ድንቅነሽ (ሉሲ) እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችበትን ማለት ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጆን ካፕልማን ቡድን አጽሟን በሲቲ ስካን ከ35,000 በላይ ቅጠል አድርጎ አነበበው። በቀኝ ክንዷ አናት ላይ የተጨፈለቀ አጥንትና ከቦታቸው ያልረገፉ ስንጥሮች አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው፤ ስትወድቅ እጇን ዘርግታለች» አሉ። አግኚዋ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለ ስብራት በዚያው አካባቢ በተገኙ የእንስሳት አጥንቶች ላይም ሞልቷል፣ የአፈር ክብደት ያደርገዋል ባዮች ናቸው። እኔም ወደ ተጠራጣሪዎቹ አደላለሁ። ስንጥሮቹ አንድ በአንድ የተለቀሙበት ትዕግሥት ግን፣ መደምደሚያው ቢወድቅ እንኳ፣ አብሮ አይወድቅም።

ከዚያ ይልቅ ብዙም ያልተወራለት የጀርባዋ ነገር ይማርከኛል። እ.ኤ.አ. በ1983 ዴላ ኩክና ባልደረቦቿ በደረቷ አከርካሪዎች ፊት ለፊት ያልተለመደ አጥንት በቅሎ አዩና፣ በጉርምስና ጀርባን ከሚያጎብጠው የሾየርማን በሽታ ጋር አመሳሰሉት። እዚህ ላይ ክርክሩ ይቀላል፤ አፈር አጥንት ይሰብራል፣ ያጣምማል፣ ይበላል፤ አያበቅልም።

ማንበቡ ከመምጣቱ በፊት ግን ማጽዳት አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላም ድንጋይ ሆኖ የጠነከረ አሸዋ ውስጥ ተጣብቃ ነበር። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይዞ ቅንጣት በቅንጣት ፈለቀቃት። ለዓለም የታየችው በ2006 ነው፤ የአንገትና የደረት አከርካሪዋ ተጠንቶ የታተመው ግን በ2017። አንዲት ቅንጣት አሸዋ ስትነሳ አብሯት ስስ አጥንት እንዳይነሳ እጅን መያዝ፣ ያንንም በየዓመቱ።

አፈር አያበቅልም አልኩ እንጂ ይጨምራል። የእኛ አገር ጣጣ ይኸው ነው። በስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ያለውን ብዙ ቦታ ያልፈዋል። ያ ውሃ በሕይወት ሳለን ከብርጭቆ ወደ አጥንታችን ይገባል፤ ከሞትን በኋላ ደግሞ በመቃብር ዙሪያ እየሰረገ ይገባል። አጥንቱ ተፈጭቶ ፍሎራይድ ቢገኝበት ታዲያ የትኛው ነው?

መልሱ ቅርጽ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው ጀርባቸው እንደ ደረቀ፣ የሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የ1987 ጥናት ከቀደምቶቹ ምስክሮች አንዱ ነው። ፍሎራይድ በሚያመጣው በዚህ በሽታ አጥንቱ ይከብዳል፣ አከርካሪው ይጋጠማል፤ በክንድ ሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ስስ ሽፋንም ከጠርዙ ጀምሮ እሾህ እሾህ እያለ አጥንት ይሆናል። ይህን መቃብር አይሠራውም። ሌላ በሽታ ግን ሊመስለው ይችላል፦ በእርጅና የሚመጣ አንድ የአከርካሪ መጋጠም አለ፣ እንደ ቀለጠ ሻማ የሚፈስ፤ እሱ የደረት አከርካሪን በብዛት በቀኝ በኩል ነው የሚይዘው፣ በግራ ትልቁ የደም ሥር ይመታልና። ባለሙያው እዚህ ድረስ ወርዶ ነው የሚለየው። እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳት ያለቁት የሄርኩላኒየም ሰዎች አጽም በ2011 እንዲሁ ሲነበብ፣ የእሳተ ገሞራ ጎረቤት የሆነ ሕዝብ ምን ይጠጣ እንደነበር ወጣ።

ጥርስ ደግሞ ሌላ ምስክር ነው። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበልዘው በሕፃንነት፣ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ አድጎ የመጣ እንግዳ ሃያ ዓመት ቢጠጣው ወገቡ ይደርቃል እንጂ ጥርሱ አይበልዝም። አፈር ያቆሸሸው ጥርስ አፈሩ የነካው ጎኑ ብቻ ይጠቁራል። ከልጅነት የበለዘ ግን፣ የግራና የቀኝ አቻ ጥርሶች በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ፣ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው።

ጋሼ ጎድኑን መልሰው ሰጡኝና ሳቁ። የፊት ጥርሳቸው መሃል ላይ ቡናማ መስመር አለ፤ ግራና ቀኙ እኩል።