ሐሳብ አላስተኛ ሲል፣ በገና

የአስኮ ሌሊት ጸጥ ያለ አይደለም። ወደ ቡራዩ የሚወጣው የጭነት መኪና ማርሽ ሲቀይር፣ ውሻ ለውሻ ሲመላለስ ይሰማል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የራስ ሐሳብ ነው፤ ጎን አሳርፈው መብራት ሲያጠፉ የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ክፍያ፣ ቀን ያመለጠ ቃል ተራ በተራ ይመጣል። ለዚያ ሰዓት ከበገና የሚሻል ነገር አላውቅም።

አሠራሩ ራሱ ያስደንቃል። አውታሮቹ አሥር ናቸው፤ በወጉ ከበግ አንጀት ይፈተላሉ። እያንዳንዱ አውታር በርኩማ በሚባለው መቀመጫው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ያንን ወፍራም፣ የሚርገበገብ ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት፤ ጥቂት ከተንሸራተተች ድምፁ ይደርቃል። ዜማው አይቸኩልም። ያው ድርደራ ደጋግሞ ይመለሳል፤ ሐሳብም ሩጫውን ትቶ ይከተለዋል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት ዓለሙ አጋ ደግሞ ሲዘምሩ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም አይርቅም።

«የጸሎት ዕቃ ለእንቅልፍ?» የሚል አይጠፋም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ግን ዳዊት በገና ሲደረድር የታወከው ሳኦል ያርፍ እንደነበር ተጽፏል። ስለዚህ በገና በብዛት የሚሰማበትን ዐቢይ ጾምን መጠበቅ አያስፈልግም። በስልክ በገና ከፍቶ፣ ስልኩን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከራስጌ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።